ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል

ጀማነሽ ካዛንቺስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ድርጅት ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግላለች። ሥራዋ ሰዓት መቆጣጠር ነበር። ከዋናው በር ገባ እንዳሉ በስተቀኝ፣ ከደረጃው ሥር፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ነበረቻት። በጠረጴዛዋ ላይ ጀርባው በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ ትልቅ የፊርማ መዝገብና በክር የታሰረ ሰማያዊ እስክሪብቶ ይቀመጣሉ። በመሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ ከእሷ በቀር ማንም የማይነካው ቀይ እስክሪብቶ አለ። ሠራተኛው እንደ አመጣጡ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጀማነሽ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥታ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር ታሰምራለች። ከመስመሩ በታች የፈረመ ሰው አርፍዷል ማለት ነው።

ጀማነሽ ዓይነ አፋር ናት። ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ የምታየው የራሷን እጅ ነው። በሰዓት ነገር ግን ንጉሥም ቢመጣ አትበገርም ነበር። አንድ ቀን የፋይናንስ ኃላፊው ሁለት ደቂቃ አርፍደው መጡና ሳቅ እያሉ፣ «ጀማነሽ፣ መስመሯን ትንሽ ዝቅ ብታደርጊያት ምን ይልሻል?» አሏት።

«ጌታዬ፣ መስመሩ የኔ አይደለም። የሰዓቱ ነው» አለች።

ብላ ስታበቃ ደነገጠች። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ እንደ ፍም ሲግል ዋለ። መስመሩ ግን ባለበት ቀረ።

ባሏ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ለሥራ ብሎ አሰብ ወረደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ በምትገኝ የቀበሌ ቤት ብቻዋን ኖረች። ቤቷ አንድ ክፍል ከትንሽ ጓዳ ጋር ነበረች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ሬዲዮ ከራሷ ሬዲዮ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማታል። ስለዚህ የራሷን መክፈት ተወች።

ጓደኛ የምትላት ሰው አንዲት ነበረች፤ የመዝገብ ቤቷ ዘሪቱ። ዘሪቱ ጠይም፣ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከሁለተኛ ፎቅ እስከ በሩ የሚሰማ ሴት ናት። በሥራ ቀን ግን ለጨዋታ ጊዜ የላትም። ለምሳ ሲለቀቁ ልጆቿን ለማብላት ወደ ቂርቆስ ትሮጣለች፤ ስትመለስ ላቧን እየጠረገች ትፈርማለች። ማታም እንዲሁ። ለሁለቱ የምትተርፋቸው ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራ ነበር። በሁለት ሰዓት ተኩል ተገብቶ በስድስት ሰዓት ተኩል ይወጣል። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሥራ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ እስከ ስምንት ሰዓት የፖለቲካ ውይይት ይቀመጣል። ያልተገኘ ስሙ ይያዛል። የዘሪቱ ባል ታዲዎስ መምህር ነበር። በቤቱ ሰዓት የሚያጠብቅ፣ ምሳ በዘገየ ቁጥር ሚስቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከውይይት ቅሪ አይላት ነገር፣ ማን ደፍሮ? እንዲሁ ቅዳሜ ምሳውን ለልጆቹ አቅርቦ እስከ ስምንት ሰዓት መጠበቅ ለመደ።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ የድርጅቱ ውይይት ወደ ሰኞ፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ፣ ተዛወረ። ዘሪቱ ይህን ለባሏ አልነገረችውም። አልዋሸችም፤ ዝም አለች እንጂ። የቅዳሜው ውይይት ቀረ፣ በዘሪቱ ቤት ግን አልቀረም።

እንዲህ ሆኖ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል የሁለቱ ሴቶች ሆነች። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው እጸገነት ቤት ይሄዳሉ። እጸገነት አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረቻት። ጠረጴዛዎቹ የወይን ዘለላ ሥዕል ያለበት ላስቲክ ለብሰዋል። የነሱ ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ያለችው፣ አንዱ ጠርዟ በሲጋራ የተበሳው ናት። አንድ ሳህን ፓስታ፣ ሁለት ሹካ፣ አንድ ዳቦ ይቀርብላቸዋል። በፍስክ ከሥጋ፣ በጾም ከቲማቲም ጋር ነው። ዘሪቱ ገና ስትቀመጥ ጫማዋን ታወልቅና እግሯን የጀማነሽ ጫማ ላይ ታሳርፋለች።

«ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ አንቺ እንደሆን ጫማሽ ባዶ ነው፣ ዝም ብለሽ ነው የምትወለውዪው» ትላለች።

«ባዶ ነው? እግሬስ?»

«ያንቺ እግር እግር ነው እንዴ? የወፍ ነው!»

ጀማነሽ ትስቃለች። በሳምንት ውስጥ ድምፅ አውጥታ የምትስቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስባት ነበር። ዘሪቱ አንድ ቀን ፓስታውን እየጠቀለለች፣ «ታዲዎስ መንገድ ላይ አግኝቶ ከጠየቀሽ በስምንት ሰዓት ነው የምንወጣው በይው እሺ?» አለቻት።

ጀማነሽ ሹካዋን አስቀመጠች። «እኔ ሰዓት አልዋሽም፣ ዘሪቱ።»

«ኧረ በናትሽ! መዝገብ ላይ ጻፊ አልኩሽ?»

«በአፍም ቢሆን አልዋሽም።»

ዘሪቱ አልተቀየመችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማነሽ ታዲዎስን ከሩቅ ባየች ቁጥር መንገድ አቋርጣ ትሸሻለች። ሰውየው፣ «ያቺ ጓደኛሽ እንደኔ ያለ ሰው ትጠላለች መሰለኝ» ይል ነበር አሉ።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። የውይይት ክበብ የሚባለው ነገር ከነስሙ ጠፋ። ጀማነሽ፣ በቃ አለቀልን ብላ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ ግን ዘሪቱ እንደ ወትሮዋ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።

«ታዲዎስን ምን አልሽው?»

«ውይይቱ ቀርቶ ግምገማ ሆነ አልኩት።» ሳቋ መስኮቱን አነቃነቀው። «ራሱም ትምህርት ቤት ሲገመገም ነው የሰነበተው። ‹አይ እናንተም ላይ መጣ!› ብሎ አዘነልኝ።»

ዘሪቱ መንግሥት ሲለወጥ ያላጣችውን ሰዓት ያጣችው በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው።

በ1987 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ቀን አስተዳደሩ ማስታወቂያ አወጣ። ወረቀቱን በሰሌዳው ላይ የለጠፈችው ራሷ ጀማነሽ ናት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ድርጅቱ ቅዳሜን አይሠራም። የቅዳሜው አራት ሰዓት በአምስቱ ቀናት ላይ ይጨመራል፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይቀደማል፣ ማታ ሩብ ሰዓት ይዘገያል። አንዷ ጸሐፊ በኮሪደሩ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ሰው ሁሉ ሰሌዳው ሥር ተኮለኮለ። አንዱ ልጆቼን ላያቸው ነው ይላል፣ አንዱ እንቅልፍ ልተኛ ነው ይላል፣ አንዱ ሁለት ቀን ሙሉ ሚስቴን እንዴት ልችላት ነው ብሎ ያስቃል።

ጀማነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ በወረቀት ቁራጭ ሒሳብ ሠራች። አራት ሰዓት ለአምስት ቀን ሲካፈል አርባ ስምንት ደቂቃ ነው። ማስታወቂያው የጨመረው አርባ አምስት ነው። በሳምንት ሩብ ሰዓት ጠፍታለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ልክ ነው። ወረቀቷን ይዛ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወጣች።

ሰውየው አይተው ሳቁ። «ጀማነሽ፣ እሷን ሩብ ሰዓት ለእግዜር ተይለት።»

ስትወርድ ዘሪቱን ደረጃው ላይ ቆማ አገኘቻት። ሌላው ሁሉ ይስቃል፤ ዘሪቱም ፊቷ ላይ የሳቅ ቅሪት አለ፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው።

«ጉዳችን ፈላ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል?»

«አይዞሽ፣ እኔ መላ አላጣም። ገበያ ልሂድ ብዬ እመጣለሁ። እጸገነት ቤት፣ ስድስት ተኩል። አትቀሪ!»

ቅዳሜ የተዘጋ ዕለት ጀማነሽ በለመደችው ሰዓት ነቃች። ፊቷን ታጠበች፤ ለባበሰች፤ ሳታስበው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ገብረመስቀል ካፖርቱን እንደለበሰ ብቅ አለ።

«እትዬ ጀማነሽ! ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ። መነጽሬን ረስቼ ነው።»

መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር። ገብረመስቀል አይቶ እንዳላየ ሆነ። «ይግቡ፣ ይፈልጉት» አለና በሩን ከፈተላት። ገብታ በጸጥታው ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ገጾች በማስመሪያ እያሰመረች እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ቆየች።

ዘሪቱ በዚያን ዕለት መጣች። በሚቀጥለውም መጣች። በሦስተኛው ቅዳሜ ስትመጣ በአንድ እጇ የምታለቅስ ልጇን ሩሐማን፣ በሌላው ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ይዛ ነበር፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልቻለችም። ነፃ የሆነ ቀን ባለቤቱ ብዙ ነው። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፤ ለቅሶ ይደረሳል፤ ሠርግ ይጠራል፤ ዕድር ይሰበሰባል፤ የታዲዎስ እናት ትጠየቃለች። ዘሪቱ ሰኞ ሰኞ እየፈረመች፣ «አንቺ፣ ይሄ ቅዳሜ የሚሉት እኮ ከሥራ ቀን የባሰ ሥራ አለው» ትላታለች። ውሸት አልነበረም።

ጀማነሽ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እጸገነት ቤት መሄዷን አልተወችም። እጸገነት ከልማድ የተነሳ ሁለት ሹካ ታመጣለች። አንዱ ሹካ ፓስታው እስኪያልቅ በዳቦው አጠገብ ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቅዳሜ ሳህኑ ሲመጣ አንድ ሹካ ብቻ ነበረው።

ከሰዓት በኋላውን ለመግፋት ዳንቴል መሥራት ጀመረች። በመጀመሪያ ለራሷ የሬዲዮ ልብስ፣ ቀጥሎ የትራስ፣ ቀጥሎ የአልጋ። ቤቷ ትንሽ ስለሆነች የሚለብስ ዕቃ ቶሎ አለቀ።

በ1990 ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ዘሪቱ ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ቤተሰቧን ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለው አያት ሰፈር ሄደች። በዓል ሲሆን ትደውላለች፤ «መጥቼ ልይሽ፣ አንድ ቅዳሜ» ትላለች። ቅዳሜዎቹ ግን ባለቤት ነበራቸው።

የፊርማ መዝገቡ እስከ 1999 ቆየ። በዚያ ዓመት ጋዲሳ የሚባል ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ መጥቶ በጀማነሽ ጠረጴዛ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ የጣት አሻራ የሚቀበል ትንሽ ጥቁር መሣሪያ ሰቀለ። ጀማነሽ መነጽሯን አስተካክላ ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየች።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ተሳስቷል። አሁን ሦስት ሰዓት ነው፣ እሱ ዘጠኝ ይላል።»

«አልተሳሳተም እትዬ፤ በፈረንጅ ነው። ስድስት ቀንሰው ማንበብ ነው በቃ።»

«እና ማን ነው የሚያሰምረው?»

ጋዲሳ አልገባውም። «ምኑን?»

«አይ፣ ግዴለም» አለች።

በዓመቱ ጡረታ ወጣች። መሸኛ ግብዣ ላይ የግድግዳ ሰዓት ሰጧት። ብዙ ሳይቆይ እጸገነት ቤትና አጠገቡ የነበሩት ቤቶች ፈረሱ። ቦታው ሁለት ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ ከቆየ በኋላ መስታወት የለበሰ ሆቴል በቀለበት። ጀማነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ተኩል በዚያ በኩል ታልፋለች። የምትገባበት ምክንያት ስለሌላት አትገባም። የመስኮቷ ጠረጴዛ የት ጋ እንደነበረች በዓይኗ ትለካለች፤ አሁን መኪና የሚዞርበት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት አንዲት ረዘም ያለች፣ ቀይ ሊፒስቲክ የተቀባች ወጣት ቆማለች። ጀማነሽ አላወቀቻትም። ልጅቷ ስትስቅ ግን ሳቁን አወቀችው።

«ሩሐማ! አንቺ የሽንኩርት ዘንቢል ላይ የምታለቅሺዋ!»

«እኔው ነኝ እትዬ ጀማነሽ! ዛሬ ኦፌ ነው፣ ማለቴ ዕረፍቴ ነው። ቤቱን ስፈልግ ግማሽ ሰፈር አዳረስኩ እኮ።»

ሩሐማ እዚያው በመስታወቱ ሆቴል ትሠራለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ሦስቱም ከሥራ ነበር።

«ማክሰኞ ነው የምታርፊው?» አለች ጀማነሽ።

«ማክሰኞን ብቻ። ቅዳሜ እሑድ የሚባል እኛ ጋ የለም። ስድስት ቀን እንሠራለን፣ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ስልኩ ይሠራል።»

«በእናትሽና በእኔ ጊዜ ቅዳሜ ሲዘጋ መሥሪያ ቤቱ በእልልታ ነበር የተናጋው።»

«እድለኞች ናችሁ!» አለች ሩሐማ፤ ከቦርሳዋም አንድ ነጭ ካርድ አወጣች። «እማዬ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። እኛ ሆቴል ፕሮግራም አዘጋጅተናል። እርስዎ ካልመጡ አልገባም ብላለች፣ እውነቴን ነው!» ስልኩ አራተኛ ጊዜ ጮኸ። ብድግ አለች። «በቃ ሁሉም ነገር ካርዱ ላይ አለ። እንዳይቀሩ!»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ጀማነሽ ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አነበበችው። የዘሪቱ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ ቅዳሜ፣ ከ6:30 ጀምሮ።

ቁጭ አለች። ደግማ አነበበች። ቅዳሜ። ስድስት ሰዓት ተኩል። ያውም እጸገነት ቤት በነበረበት ቦታ።

«ሰዓቷን አልረሳችም» አለች ድምፅ አውጥታ። በዚያች ቤት ድምፅ አውጥታ ከተናገረች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና ራሷ ደነገጠች።

እስከ ቅዳሜ ያሉትን ቀናት ዳንቴል ስትሠራ ቆየች። ለምግብ ጠረጴዛ የሚሆን፣ ዙሪያውን የወይን ዘለላ ያለበት ነጭ ዳንቴል ከጀመረች ዓመት አልፎት ነበር፤ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ የጀመረችው ነው። ዓርብ ማታ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጠረች። ጥቁር ጫማዋን ፊት እስኪያሳይ ድረስ ወለወለችው።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሆቴሉ በር ላይ ደረሰች። ጥበቃዋ ቦርሳዋን ፈትሻ አስገባቻት። የእንግዳ መቀበያው ሰፊ ነው፤ ወለሉ ያበራል፤ ሶፋዎቹ ሲቀመጡባቸው ሰው ይውጣሉ። በር በሩን ለማየት በሚመች በኩል ጫፉ ላይ ተቀመጠች። የተጠቀለለውን ዳንቴል ጭኗ ላይ አደረገች። ስድስት ተኩል ሆነ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ዘሪቱ የለችም። ዘሪቱ ድሮም ከመስመሩ በታች የምትፈርም ነበረች ብላ ፈገግ አለች። ሰባት ሰዓት ሆነ። አስተናጋጅ መጥታ ምን ልታዘዝ ስትላት አፍራ ማኪያቶ አዘዘች። ማኪያቶው በረደ። ሰባት ተኩል ሆነ። መጠየቅ ትፈልጋለች፤ ወደ መቀበያው ልትነሣ ትልና ወንዶች ሻንጣ ይዘው ሲቆሙ ትመለሳለች።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ድሮ በዚህ ሰዓት ዘሪቱ ጫማዋን እያጠለቀች፣ «እንግዲህ ግምገማው አለቀ» ትል ነበር። ጀማነሽ ተነሥታ ወደ መቀበያው ሄደች። ካርዱን ለልጅቷ ዘረጋችላት።

«እናቴ፣ የሩሐማ እናት ፕሮግራም ነው? እሱ እኮ ማታ ነው።»

«ካርዱ ስድስት ተኩል ይላል።»

«አዎ፣ ሲክስ ሰርቲ። ማለቴ በእኛ አሥራ ሁለት ተኩል። ሆቴሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ…» ልጅቷ የጀማነሽን ፊት አይታ ደነገጠች። «ውይ እናቴ! ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የተቀመጡት?»

«ከስድስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ» አለች ጀማነሽ። ወለሉን እያየች ወጣች።

ቤቷ ገብታ ልብሷ እንዳይጨማደድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። መጠበቋ አላሳዘናትም፤ መጠበቅ ሥራዋ ነበር። ያ ጋዲሳ የሚባል ልጅ ስድስት ቀንሰው ያንብቡ ብሎ አስተምሯት የለ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ደቂቃ ያልሳተች ሴት ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳተች። የከፋት ግን እሱም አይደለም። ሰዓቷ የሷና የዘሪቱ አልነበረችም። ማንም አላስታወሳትም። ኮምፒዩተር የጻፈው የፈረንጅ ቁጥር ነው።

መቅረት ፈለገች። የመሸኛው የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ዳንቴሉ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ያያታል። ኋላ ላይ ግን ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርታ እንደማታውቅ አሰበችና ተነሣች።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሙዚቃው ደረት ይመታል። ዘሪቱ በነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ከድሮው ይልቅ ወፍራ፣ በዘመድና በጎረቤት ተከብባለች። ጀማነሽን ስታይ ሰዉን ገፍታ መጥታ አቀፈቻት። «ከሳሽ እኮ! አንቺ የወፍ እግር!» አለቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። ወዲያው ግን ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላም፤ ዘሪቱ ለሁሉም ፊቷን ትሰጣለች፤ ለጀማነሽ የደረሳት ጀርባዋ ነበር። በማዶ የተቀመጠው ታዲዎስ ነው፤ ራሰ በራ ሆኗል፣ ከዘራ ይዟል። ጀማነሽ ዓይኑን ሸሸች።

ያን ጊዜ ሩሐማ ሳቋን መግታት አቅቷት መጣች። «እማዬ፣ ጉድ ልንገርሽ! እትዬ ጀማነሽ ለቀን ስድስት ተኩል ብለው መጥተው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ተቀምጠው ነበር! መቀበያ የምትሠራዋ ልጅ ነገረችኝ። የኔ ጥፋት ነው፣ ካርዱን በፈረንጅ አጽፌው!»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሳቀ። ጀማነሽ ጆሮዋ ጋለ፤ ሹካዋን አየች። ታዲዎስ ግን አልሳቀም። መምህር ነውና ነገሩን ማጥራት ይወዳል።

«ወይዘሮ ጀማነሽ፣ እርስዎ የሰዓት ሰው አልነበሩም እንዴ? እንዴት በቀትር ግብዣ ይኖራል ብለው አሰቡ?»

«ቅዳሜ ስድስት ተኩል ሲል… የመሥሪያ ቤት መውጫችን ስለነበረ…» አለችና ቆመች። ከአፏ አምልጧት ነበር።

ታዲዎስ ጆሮውን አቀና። «መውጫችሁ? መውጫችሁ እኮ ስምንት ሰዓት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ምሳ ይዤ የጠበቅሁት ለምን ሆነና?»

ዘሪቱ ከጎረቤቷ ጋር የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች። ዞራ ጀማነሽን አላየቻትም። ነገር ግን በጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጫማ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ የሞቀ፣ ከባድ፣ ባዶ እግር መጥቶ የጀማነሽ ጫማ ላይ ዐረፈ።

ጀማነሽ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያሰመረችው ቀይ መስመር ሁሉ በዓይኗ መጣ። ቀና ብላ ታዲዎስን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው።

«ስምንት ሰዓት ነበር» አለች። «ልክ ነዎት፣ አርጅቼ ዘንግቼ ነው። ግምገማ ነበረን።»

«ይኸው እንግዲህ!» አለ ታዲዎስ ረክቶ። «እኔ እኮ ሰዓት አልስትም።»

ዘሪቱ ያን ሳቋን ሳቀች። ከሙዚቃው በላይ ተሰማ። እግሯ ግን ካለበት አልተነሣም፤ ሰው እየተቀበለች፣ እየተሳመች፣ ፊቷን ወዲያ ወዲህ እያዞረች፣ በጠረጴዛው ሥር እዚያው ነበረች። ኬክ ቁረሺ ተብላ ስትጠራ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አጠለቀችና ሄደች። ከዚያ ዘመድ ከበባት፤ ፎቶ ተነሡ፤ ጭፈራ ተጀመረ። አልተመለሰችም።

ጀማነሽ ዳንቴሉን ከስጦታዎቹ ክምር ላይ አስቀምጣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። እጸገነት ቤት መስኮት በነበረበት፣ መኪና በሚዞርበት በኩል አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ በወለወለችው ቀኝ ጫማ አፍንጫ ላይ የእግር ጣቶች ያደበዘዙት ምልክት አየች። ጨርቁ አጠገቧ ነበር። አላነሣችውም። ጫማውን ቀስ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስገባች፤ በማግሥቱ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሄደችው በነጠላ ጫማ ነው።